የተሰወረ ውሃ፣ የተሰወረ መዝገብ



በአውሮፓ ምድር፣ ዛሬ ስሎቬኒያ በምትባለው ትንሽ አገር፣ ሬካ የሚባል አንድ ወንዝ አለ፤ የስሙም ትርጓሜ በአገሩ ቋንቋ «ወንዝ» ማለት ብቻ ነው። ይህ ወንዝ እንደማንኛውም ወንዝ ከደጋ ወርዶ፣ ሸለቆውን አቋርጦ ከመጣ በኋላ፣ ሽኮትስያን ከሚባለው መንደር ሥር ሲደርስ ከፊቱ በቆመው ገደል ውስጥ ገብቶ ከሰው ዐይን ይሰወራል። ከዚያ ወዲያ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በከርሠ ምድር ሲጓዝ፣ በላዩ ሰው ያርሳል፣ ወይን ይተክላል፣ ቤት ይሠራል፣ ልጁን ይድራል፤ በመካከሉም የሁለት መንግሥታት ወሰን ያልፋል። ውሃው ግን ወሰኑን ከሥር ተሻግሮ፣ በኢጣልያ ግዛት በአድርያቲክ ባሕር ዳርቻ፣ ቲማቮ በሚባል ሌላ ስም እንደገና ይወለዳል።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስታውቅ፤ በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ይህን ማስታወቄ ለወግ ያህል እንዳልሆነ ቆይታችሁ ትረዱታላችሁ።

ውሃው ከላይ ታይቶ ከሥር የሚሰወርበት እንዲህ ያለ ምድር በሊቃውንት ዘንድ ካርስት ይባላል። ስሙ የወጣው ሬካ ከሚሰወርበት ከዚያው አምባ ነው፤ ባላገሩ ክራስ ይለዋል፣ ጀርመኖች ካርስት አሉት፣ የሰርቢያው ሊቅ ዮቫን ጽቪዪች ስለዚህ ዓይነት መሬት የጻፈው ሐተታ በ1893 ከታተመ ወዲህ ደግሞ፣ የአንድ ጠባብ አውራጃ ስም ለዓለም ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ጸና። አሠራሩም እንዲህ ነው። ዝናብ ሲወርድ ከአየሩ፣ ከዚያም በይበልጥ የዕፀዋት ሥሮችና ረቂቃን ፍጥረታት ከሚተነፍሱበት አፈር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን እየጠጣ ጥቂት ኮምጣጣነት ያገኛል፤ ይህም ውሃ የኖራ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ድንጋዩን እጅግ በዝግታ ያሟሟዋል፤ በስንጥቁ ገብቶ ስንጥቁን ያሰፋል፣ የሰፋው ስንጥቅ ብዙ ውሃ ይስባል፣ ብዙው ውሃም ይበልጥ ያሰፋዋል፤ በብዙ ሺሕ ዓመታትም ጣት የማያስገባው ስንጥቅ ሰው በፈረስ ተቀምጦ የሚያልፍበት ዋሻ ይሆናል። ስለዚህ በካርስት ምድር ዝናብ ቢበዛም ወንዝ አይበዛም፤ አፈሩ ስስ ነው፣ ላዩ ደረቅ ነው፣ ምንጩ ግን በወጣ ጊዜ ወንዝ አክሎ ይወጣል። በረዶ ካልሸፈነው የዓለም የብስ ወደ 15 ከመቶ የሚሆነው እንዲህ ውሃ የሚያሟሟው ድንጋይ ያለበት ነው፤ ከሰው ልጅም ከዐሥሩ አንዱ ያህል የሚጠጣው ከዚሁ ድንጋይ ከርሥ የሚመነጨውን ውሃ ነው። በአሸዋና በወፍራም አፈር የሚያልፍ ውሃ ቀስ ብሎ እየተጣራ ይሄዳል፤ በካርስት ግን ጠዋት በአንዱ ጉድጓድ የተጣለ እድፍ፣ ውሎ ሳያድር ወይም በማግሥቱ ከሩቅ ምንጭ በእንስራ ሊቀዳ ይችላል።

ከሬካ ወደ ሰሜን ሲዘልቁ ጼርክኒጻ የሚባል ሐይቅ አለ፤ አለ ማለት ግን በየወሩ እውነት አይደለም። በዝናቡ ወራት ከ20 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሜዳ ይሸፍናል፤ ደረቁ ወራት ሲገባ ውሃው በወለሉ ባሉት ቀዳዳዎች ሰርጎ ያልቅና፣ ዓሣ የተጠመደበት ስፍራ ሣር ይታጨድበታል። ያኔዝ ቫይካርድ ቫልቫሶር የተባለ የአገሩ ባላባት ይህን ድንቅ ነገር ጽፎ ወደ እንግሊዝ አገር ላከ፤ የለንደኑ ንጉሣዊ የሊቃውንት ማኅበርም በ1687 ከአባላቱ ቁጥር አገባው። አንድ እንግዳ በሐምሌ ደርሶ «ይህ ግጦሽ ነው» ብሎ ቢጽፍ፣ ሌላው በኅዳር ደርሶ «ይህ ባሕር ነው» ብሎ ቢጽፍ፣ ሁለቱም ያዩትን መስክረዋል፤ የስፍራው እውነት የሚታወቀው ግን የሁለቱ ደብተሮች ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው። በዚህ ምሽት የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ከዚህ አይወጣም። በካርስት ምድር አንድ ሰው በአንድ ዘመን የሚያየው ከነገሩ ቁራጭ ብቻ ስለ ሆነ፣ ለብዙ ዓመታት የተጻፈ መዝገብና መዝገቡን ያለ ስስት መካፈል፣ ለዚህ ምድር ዕውቀት ጌጥ ሳይሆኑ መሠረት ናቸው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ውሃው ነው፤ በውሃውና በጨለማው ውስጥ የሚኖሩት ፍጡራን ነገር ደግሞ ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው።

ያው ቫልቫሶር በ1689 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ከምንጭ ተገፍቶ የሚወጣ አንድ ፍጥረት እንዳለና ባላገሩም የዘንዶ ልጅ ነው እንደሚለው ጽፎ ነበር። ሊቃውንት በኋላ ይህን ፍጥረት ፕሮቴዎስ አሉት፤ በ1768 ላውሬንቲ የተባለ የተፈጥሮ መርማሪ በሳይንስ ስም ጠራው። ርዝመቱ ከስንዝር ጥቂት ያልፋል፤ ቆዳው ፀሐይ አይቶ እንደማያውቅ የሰው ገላ ፈዛዛ ስለ ሆነ ስሎቬናውያን «የሰው ዓሣ» ይሉታል፤ በአንገቱ ግራና ቀኝ ቀይ የጕንጭ ላባ የሚመስሉ መተንፈሻዎች አሉት፤ በፊት እግሮቹ ሦስት ሦስት፣ በኋላ እግሮቹ ሁለት ሁለት ጣቶች አሉት፤ ዐይኖቹ በቆዳ ተሸፍነዋል። ዘመዶቹ ሰላማንደሮች ስለ ሆኑ ዓሣ መባሉ ስም ብቻ ነው።

በ1831 ደግሞ ሉካ ቼች የተባለ፣ በዚያው በስሎቬኒያ የሚገኘው የፖስቶይና ዋሻ መብራት አብሪ፣ በሥራው ላይ ሳለ፣ አንገቱ እንደ ክር የቀጠነ፣ ሆዱ እንደ ጠብታ የተነፋ፣ ዐይን የሌለው አንድ ጢንዚዛ አገኘ። መብራት አብሪው ጢንዚዛውን በኪሱ አላስቀረውም፤ ለአንድ መኮንን ሰጠ፣ መኮንኑ ለፈርዲናንድ ሽሚት አደረሰ፣ ሽሚትም በ1832 ሌፕቶዲሩስ ብሎ ስም አወጣለት። የዋሻ እንስሳት ጥናት የሚባለው የትምህርት ክፍል የተጀመረው በዚህች ጢንዚዛ ነው። ልብ በሉ፤ የትምህርቱ መነሻ ሊቁ ብቻ አልነበረም፤ ያየውን ለሚያውቅ ያቀበለው ሠራተኛም ነበር። እኔ የመረጃ መካፈልን ታሪክ ከሉካ ቼች መጀመር የምወድደው ስለዚህ ነው።

በ2000 ዴቪድ ከልቨርና ቦሪስ ስኬት የተባሉ ሊቃውንት በዓለም ላይ፣ ከከርሠ ምድር ውጭ መኖር የማይችሉ 20ና ከዚያ በላይ የእንስሳት ዝርያዎች የተመዘገቡባቸውን ዋሻዎችና ጉድጓዶች ቢቆጥሩ፣ ያገኙት 20 ስፍራ ብቻ ነው። ከሁሉም የበለጠው የፖስቶይናና የፕላኒና ዋሻ ሆነ፤ 84 ዝርያዎች ተቈጥረውበታል፤ ከዚያም ወዲህ ቁጥሩ ከመቶ አልፏል። ይህ ዋሻ በእውነት ባለጸጋ ነው፤ ነገር ግን ባለጸግነቱ ከመዝገቡም እንደሆነ መዘንጋት አይገባም። ከሉካ ቼች ጀምሮ ወደ ሁለት ምእት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ሰው እየገባ፣ እየለቀመ፣ እየጻፈ፣ የጻፈውንም እያሳተመ ኖሯል። አንድ ጊዜ ብቻ የተጐበኘ ዋሻ ሁልጊዜ ድኻ መስሎ ይታያል።

አሁን ስለ ዘመን ርዝመት ልንገራችሁ። በፈረንሳይ አገር በፒሬኔ ተራሮች ሥር፣ ሙሊስ በምትባል መንደር፣ በ1948 በአንድ ዋሻ ውስጥ ቤተ ሙከራ ተቋቋመ፤ ከመሥራቾቹም አንዱ ሬኔ ዣኔል ነበር። ይህ ሰው ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ በ1932 እና በ1933 ወደ ኦሞ ሸለቆ የመጣው የፈረንሳይ የሳይንስ መልእክት አባል ነበረ። በሙሊስ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ፕሮቴዎሶች በገንዳ እየተጠበቁ ይራባሉ። ነገሩን በዐይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። ጠባቂው ደብዛዛ መብራት ይዞ ወደ ብርዱና ወደ ጨለማው ይገባል፤ ገንዳውን ጐንበስ ብሎ ያያል፣ ይቈጥራል፤ የሞተ የለም፣ የተወለደ የለም፣ እንቁላል የለም፤ ቀኑን ጽፎ፣ ይህንኑ ጽፎ፣ ይወጣል። በሚቀጥለው ጊዜም እንዲሁ። ጠባቂው አርጅቶ ጡረታ ይወጣል፤ ሌላው መብራቱንና ደብተሩን ይረከባል፤ በገንዳው ያሉት እንስሳት ግን የቀድሞዎቹ ራሳቸው ናቸው።

ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ እንዲህ ከተጻፈ በኋላ፣ በ2010 መዝገቡ ተሰልቶ ታተመ። ፕሮቴዎስ ለመውለድ የሚደርሰው ወደ 16 ዓመት ሲሆነው ነው፤ እናቲቱ በየ12 ዓመት ተኩል ገደማ 35 ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ አካለ መጠን ያደረሰው አማካይ ዕድሜ ወደ 68 ዓመት ተኩል ነው፤ ረጅሙ ዕድሜም ከመቶ ዓመት እንደሚያልፍ ተገመተ። ክብደቱ ከሃያ ግራም እምብዛም የማያልፍ ፍጥረት ከሰው እኩል ይኖራል ማለት ነው። እንግዲህ የአንድ ሊቅ የሥራ ዘመን 30 ወይም 40 ዓመት ከሆነ፣ የዚህን ፍጥረት አንድ ሙሉ ሕይወት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊያይ የሚችል ሊቅ ከቶ የለም፤ ሊያይ የሚችለው ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ደብተር ብቻ ነው።

በምሥራቅ ሄርጸጎቪና ባለ አንድ ዋሻ ውስጥ ደግሞ ዋናተኞች ፕሮቴዎሶችን ምልክት እያደረጉ ለስምንት ዓመት ያህል ተከታተሉ። በ2020 የታተመው ውጤት እንደሚለው፣ አብዛኞቹ በዓመት ከጥቂት ሜትር በላይ ፈቀቅ አይሉም፤ አንዱ ግን 2,569 ቀን፣ ይኸውም ከሰባት ዓመት በላይ፣ በዚያው በተገኘበት ስፍራ ላይ ተገኘ። አንድ ተመራማሪ ለሦስት ዓመት በተሰጠው ገንዘብ ይህን ቢያጠና ኖሮ ምን ሊጽፍ ይችል ነበር? እንስሳው በተከታታይ በአንድ ስፍራ መታየቱን ከመጻፍ ሌላ ምንም አያገኝም ነበር። የሦስት ዓመት ጥናት የሦስት ዓመት እውነት ይሰጣል፤ ካርስት ግን የዘመናት ምድር ነው፤ ለዘመናት ምድር የምንመድበው ጊዜና ገንዘብ ሁሉ እንደ ሰብል በየዓመቱ እንዲታጨድ መሻታችን ከባድ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። በስሎቬኒያ ደቡብ ምሥራቅ፣ ቤላ ክራይና በምትባለው አውራጃ፣ ክሩፓ የሚባል መልካም ምንጭ አለ፤ ከገደል ሥር ጠርቶና አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። በአካባቢው የነበረ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ ፒሲቢ የተባለው ዘይት መሰል መርዝ ያለበትን ቆሻሻ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በካርስቱ ጉድጓዶች ይጥል ነበር፤ ነገሩ የተገለጠው በ1980ዎቹ ነው። በእነዚያ ሃያ ያህል ዓመታት ምንጩ በመልኩ ምንም አልተለወጠም። ከዚያም ከሩብ ምእት ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በዚያው ውሃ ከሚኖሩት ፕሮቴዎሶች ሥጋ ሲመረመር መርዙ በብዛት ተገኘ፤ ረጅም ዕድሜ ያለው ፍጥረት የአባቶቻችንን ጥፋት በገላው ተሸክሞ ይኖራል። ከጉዳት በፊት የተጻፈ ተከታታይ መዝገብ በሌለበት ስፍራ ሁሉ፣ ከጉዳት በኋላ የሚመጣው ዳኛ «ምን ጠፋ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት ምስክር አያገኝም።

ስለ መካፈል ኀይል አንድ የቆየ ታሪክ ላቅርብ። የዳኑብ ወንዝ በደቡብ ጀርመን ኢመንዲንገን በምትባል ስፍራ አጠገብ በደረቅ ወራት በገዛ አልጋው ላይ ሰርጎ ይጠፋል። ከዚያ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አኽ የሚባል ታላቅ ምንጭ ይፈልቃል። ከላይ ያሉት ባለ ወፍጮዎች ውሃችን ጠፋ ይላሉ፤ ከታች ያሉት የውሃችንን ምንጭ አትንኩብን ይላሉ፤ ነገሩ ሁለት ግዛቶችን አከራከረ። በ1877 አዶልፍ ክኖፕ የተባለ የምድር ጥናት መምህር 20 ቶን ጨው፣ 1,200 ኪሎ ግራም ሽታ ያለው ዘይትና 10 ኪሎ ግራም የሚያበራ አረንጓዴ ቀለም ወደ ሰርጓጁ ጨመረ። 60 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ የአኽ ምንጭ እንደ ለምለም ሣር አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ወደ ጥቁር ባሕር ሲጓዝ የነበረው ውሃ ከሥር ተሰርቆ፣ በራይን ወንዝ በኩል ወደ ሰሜን ባሕር እንደሚሄድ ሕዝብ ሁሉ በዐይኑ አየ። አረንጓዴው ቀለም በጥቂት ቀን ታጥቦ ሄደ፤ እኔ ከ140 ዓመት በላይ ቆይቼ ይህን ልነግራችሁ የቻልሁት ግን ክኖፕ ሚዛኑን፣ ሰዓቱንና ስፍራውን ጽፎ ስላሳተመ ነው። ለራሱ ብቻ ይዞት ቢሆን ኖሮ፣ ከእርሱ በኋላ የመጣው ሁሉ እንደገና 20 ቶን ጨው ማጋዝ ነበረበት።

ዛሬ ይህ ሥራ ሰፍቷል። በአሜሪካ በ1980 ለረጅም ዘመን የሚቆይ የሥነ ምህዳር ምርምር መረብ ተዘረጋ፤ በ1993 ደግሞ የየአገሩ መረቦች በዓለም አቀፍ ማኅበር ተያያዙ። ከ2001 ጀምሮ መቀመጫው ኮፐንሃገን የሆነ የብዝኃ ሕይወት መረጃ ድርጅት፣ ከየቤተ መዘክሩና ከየዩኒቨርሲቲው የሚላክለትን መዝገብ ለማንም ሰው ያለ ዋጋ ይከፍታል። የካርስት ምንጮችን በሚመለከት በ2020 የታተመ አንድ ስብስብ፣ ከየአገሩ የውሃ መሥሪያ ቤቶች የተለቀመ ከ400 በላይ ምንጮች የፍሰት መዝገብ ይዟል፤ የኦስትሪያው ምንጭና የሌላው አገር ምንጭ በአንድ ሰሌዳ ሲታዩ፣ ድርቅ ሲመጣ የትኛው ቶሎ እንደሚነጥፍና የትኛው እንደሚዘገይ ማነጻጸር ተችሏል።

ነገር ግን መካፈል ማለት ወረቀቱን አንሥቶ መስጠት ብቻ አይደለም። የሚሰጠው መዝገብ፣ ጸሓፊው በሌለበት፣ ምናልባትም ከሞተ በኋላ፣ ሌላ ሰው አንብቦ ሊረዳው የሚችል መሆን አለበት። ከሁሉ አስቀድሞ ባዶውን ቀን መጻፍ ያስፈልጋል። ዋሻ ገብቶ ሁለት ሰዓት ፈልጎ አንድም ጢንዚዛ ያላገኘ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ደብተሩን ሳይከፍት ይመለሳል፤ ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። «ሁለት ሰዓት ተፈለገ፣ ምንም አልተገኘም» የሚለው ቃል ከዐሥር ዓመት በኋላ ወርቅ ነው፤ ፍጥረቱ ሳይኖር የቀረበትን ዓመት ፈላጊው ሳይገባ ከቀረበት ዓመት የሚለየው ይህ ቃል ብቻ ነውና። የሙሊሱ ጠባቂ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ አብዛኛውን ጊዜ የጻፈው «የለም» የሚለውን ነው፤ ከዚያ ሁሉ «የለም» ግን የ12 ዓመት ተኩሉ ሥርዓት ተገለጠ።

ሁለተኛው የጊዜ አጻጻፍ ነው፤ በመጀመሪያ ያስታወቅኋችሁም ለዚህ ነው። እስኪ ከአገራችን የአንድ ምንጭ ጠባቂን ደብተር በዐይነ ኅሊናችን እንግለጥ። ገጹ ላይ «12/2/1998፣ 3 ሰዓት» ተብሎ የውሃው ከፍታ ተጽፏል። ጸሓፊው ጥቅምት 12 ቀን 1998 ዓመተ ምሕረት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ማለቱ ነው፤ እኛ ስናነበው ክረምቱ አልቆ፣ ምንጩ ገና ጠግቦ ሳለ እንደ ተለካ ወዲያው ይገባናል። ይህንኑ ገጽ ሌላ አገር ያለ ተመራማሪ ሲያነበው ግን ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1998፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይሆንበታል። ትክክለኛው ቀን በእነርሱ አቆጣጠር ኦክቶበር 22 ቀን 2005 ነበር። ስሕተቱ ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋ ብቻ አይደለም፤ የክረምቱን ማግሥት ወደ በጋው መካከል ወሰደው፤ ጠግቦ የነበረውን ምንጭ በድርቅ ወራት የሚሞላ ተአምረኛ ምንጭ አደረገው። በባሕረ ሐሳብ ዘመንን ከዘመን ሲያስማሙ ለኖሩ ሊቃውንት ልጆች፣ በደብተር አናት ላይ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አንድ ቃል መጻፍ የሚከብድ አይመስለኝም።

የስፍራና የፍጥረት ስምም እንዲሁ ነው። ሬካና ቲማቮ አንድ ውሃ ሳሉ በሁለት ስም እንደሚጠሩ አይተናል፤ አንድ ጢንዚዛም በሁለት ሊቃውንት ሁለት ስም ሲወጣለት በየመዝገቡ ሁለት ሆኖ ይቈጠራል። በ2009 የጸደቀው ዳርዊን ኮር የተባለው ሥርዓት ይህን ለማቃናት የወጣ ነው፤ የፍጥረቱ ስም፣ ቀኑ፣ ስፍራው፣ መዝጋቢው በየትኛው አምድ እንደሚገባ ይደነግጋል። ነገሩ ደረቅ ቢመስልም፣ ያለ እርሱ ሺሕ ደብተሮች ሺሕ ቋንቋ ይሆናሉ።

መዝገቡን ለመክፈት የሚፈሩ ሰዎች አሉ፤ ፍርሃታቸውንም አልንቅም። አንዱ ፍርሃት፣ ሌላ ሰው ባልደከመበት ይከብርበታል የሚል ነው። ለዚህ መልሱ ስምን ከመዝገቡ ጋር ማሰር ነው፤ መዝገቡን የሚጠቀም ሁሉ የለካውን ሰው ስም የመጥራት ግዴታ አለበት፤ ለኪው ባላገርም ቢሆን፣ ጥበቃም ቢሆን። ሁለተኛው ፍርሃት ግን ከዚህ ይከብዳል። በስሎቬኒያ ዋሻዎች የሚኖር አንድ ዐይነ ስውር ጢንዚዛ በ1930ዎቹ በሂትለር ስም ተጠራ፤ ከዚህም የተነሣ ስሙን እንደ ቅርስ የሚፈልጉ ሰብሳቢዎች እያሳደዱ አደከሙት። እንዲህ ያለ ፍጥረት የሚገኝበትን የዋሻ አፍ በትክክል ለዓለም ማወጅ፣ ለሌባ በር መክፈት ነው። ስለዚህ አውራጃው ይገለጥ፣ ትክክለኛው ስፍራ ግን ለሚገባው ብቻ ይሰጥ፤ ይህን ማድረግ ስስት አይደለም፣ አደራ መጠበቅ ነው። ነገር ግን ጥቂቱን የሚያሰጋ ነገር ምክንያት አድርጎ የምንጭ ፍሰትን፣ የዝናብን፣ የውሃ ሙቀትን መዝገብ በመሳቢያ ቈልፎ ማኖር የሚገባ አይደለም። በሕዝብ ገንዘብ የተለካ የሕዝብ ውሃ መዝገብ የሕዝብ ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ፤ ካርስት በአገራችንም አለ። በባሌ ምድር የወይብ ወንዝ ከደጋው ወርዶ፣ በሶፍ ዑመር የኖራ ድንጋዩን ሰንጥቆ ይገባል፤ ሼኽ ሶፍ ዑመር የጸለዩበት፣ የእስልምና ምእመናን የሚሳለሙት ይህ ዋሻ ወደ 15 ኪሎ ሜትር የሚደርስ መንገድ አለው፤ በ1972 የእንግሊዝ አጥኚዎች ለክተውታል። በምዕራብ ሐረርጌ በመቻራ ዙሪያ ባሉት ዋሻዎች ደግሞ፣ ፕሮፌሰር አስፋወሰን አስራትና ባልደረቦቻቸው ከጣሪያ በሚንጠባጠብ ውሃ ከወለል ወደ ላይ ያደጉትን የድንጋይ ዓምዶች መርምረው፣ በውስጣቸው በየዓመቱ የተደረበ ስስ ንብርብር አግኝተዋል፤ በዚያም ንብርብር ሰው ያልጻፈው የጥንት ዝናብ ታሪክ ይነበባል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ በሶማሊያ ከርሠ ምድር ውሃ፣ በ1920ዎቹ ኢጣልያውያን ሊቃውንት ሦስት ዓይነት ዕውር ዓሦች ገልጸው ጽፈዋል፤ ከእነርሱም አንዱ ዐይንም፣ ቅርፊትም፣ ቀለምም የለውም። የእነዚህ ዓሦች ውሃ ከየት እንደሚመጣ፣ የኖራ ድንጋዩ በሚዘረጋበት በኦጋዴን በኩልም ዘመዶች ይኖሯቸው እንደሆነ መጠየቅ የሁለቱም አገር ሰዎች ሥራ ነው፤ ውሃው ከሥር ሲያልፍ የሚያውቀው ወሰን የለምና።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልመለስ። ከእናንተ መካከል አስተማሪ አለ፤ የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የነበረ አለ፤ አባቱ የዝናብ መለኪያ ሲጠብቅ የኖረ አለ። በቤታችሁ፣ በቁም ሣጥን ውስጥ፣ የምንጭ ከፍታ፣ የዝናብ ልክ፣ የጉድጓድ ጥልቀት የተጻፈበት አሮጌ ደብተር ካለ፣ እባካችሁ አትጣሉት፣ ለሱቅ መጠቅለያ አትስጡት። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የስፍራውን ስም፣ የጸሓፊውን ስም፣ አቆጣጠሩ የኢትዮጵያ ወይም የአውሮፓ መሆኑን ጻፉበት፤ ከዚያም ፎቶግራፍ አንሥታችሁ አንዱን ቅጂ በአቅራቢያችሁ ላለው ዩኒቨርሲቲ አስረክቡ፤ ዋናውን ለልጆቻችሁ አቆዩ። የሚቀጥለውም ዝናብ ሲዘንብ፣ ምንም እንኳ ጥቂት ቢሆን፣ ከታች ባለው መስመር ላይ ጻፉት።